የመጨረሻው ኩሬ ዓሣዎች

ለእታለም፣ እናት አክለሽ ላሳደግሽኝ ታላቅ እህቴ፤

ከሁሉ አስቀድሞ ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስ። እንዴት ሰነበትሽልኝ? ጤናሽ እንዴት ነው? ያ አልለቅ ያለሽ ሳል ተወሽ ወይ? ወገብሽስ? የምትንከባከቢያቸው አዛውንት ዛሬም «አንሺኝ፣ አስቀምጪኝ» እያሉ ያደክሙሻል? ባለቤትሽ ደህና ነው? ልጆቹስ? የትንሿ ጥርስ በቀለ? ትልቁ ስልኩን ትቶ የሰው ፊት ማየት ጀመረ? ይህን ሁሉ በስልክ መጠየቅ አቅቶኝ አይደለም። በስልክ ከሆነ ድምፄን ሰምተሽ ገና «ሄሎ» ስል ታውቂብኛለሽ፤ ስለዚህ ነው በወረቀት የመጣሁት።

አሁን እንደ ወጉ «እኛ ደህና ነን» ማለት ነበረብኝ። ግን እታለም፣ ደህና መሆናችንን አላውቅም። ለሚያየን ሰው ደህና ነን። እማዬ ትበላለች፣ ትቆጣለች፣ የሠፈሩን ወሬ ከኛ ቀድማ ትሰማለች። ሙሽሪትም ደህና ናት። በሠርጋችን ቀን ያወጣሽላት ስም ተጣብቆባት እኛም ሚስቴ መሆኗን ረስተን ሙሽሪት እያልናት አለን። ሆዷ ገፍቷል፤ ልትወልድ የቀራት ጥቂት ነው።

የላክሽው መጽሔት ደርሶናል። ጡረታሽ የሚጠራቀምበት ፈንድ በየዓመቱ ለባለድርሻዎቹ የሚልከው መሆኑን ጽፈሻል። መሥሪያ ቤትሽ «ገንዘባችሁ የት ይዋል?» ብሎ ሲያስመርጣችሁ፣ ሰው የማይጎዳውን፣ ምድርን የማያበላሸውን መርጠሽ፣ ከዚያ አንድ ቀን ገጽ ስትገልጪ ሙሽሪት ፊት ለፊትሽ ቆማ! ጮኸሽ ከወንበርሽ መነሣትሽን፣ «የወንድሜ ሚስት ናት» እያልሽ መጽሔቱን በሥራ ቦታሽ ማዞርሽን ሳነብ እኔም ሳቅሁ። ፎቶው ላይ ትንሿን መረብ ይዛ ከመጨረሻው ኩሬ አጠገብ ቆማለች። ከሥሩ የተጻፈውንም ተርጉመሽልናል፦ ከፋብሪካው የሚወጣው ውሃ ዓሣ እስኪኖርበት ድረስ የጠራ ነው፤ ይህንን ያደረገው የእናንተ ገንዘብ ነው ይላል። እማዬ ቆርጣ ከበሩ ትይዩ ሰቅላዋለች። ጨው ሊበደር የመጣ ሁሉ ሳያየው አይወጣም።

ችግሩ ግን መጨረሻ ላይ ነው። ያንን አይተው የሥራ ጓደኞችሽም ገንዘባቸውን ወደዚያው ፈንድ እያዛወሩ መሆናቸውን ነገርሽኝና «እውነት ነው አይደል?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። ያቺን ጥያቄ ካነበብኩ ጀምሮ ፍርሃት ይዞኛል። ፈሪነቴን ታውቂያለሽ። ልጅ ሆኜ ነጎድጓድ ሲያጓራ ቀሚስሽ ውስጥ እገባ ነበር። አሁን ትልቅ ሰው ሆኜ ፍርሃቱ አብሮኝ አድጎ፣ ቀሚሱ ብቻ ነው የጠፋው።

ከሥሩ ልንገርሽ። አንቺ ስትሄጂ የፋብሪካው ውሃ እንዴት እንደነበር ታስታውሻለሽ። ጨርቁ ቀይ ሲነከር ቦዩ ቀይ፣ ሰማያዊ ሲነከር ቦዩ ሰማያዊ ነበር። የሠፈሩ ልጆች የወቅቱን ፋሽን ከሱቅ በፊት ከቦዩ ነበር የሚያውቁት። ያኔ ጨርቅ የሚገዛው ሰው የሚጠይቀው ዋጋ ብቻ ነበር። ኋላ ግን ሌላ ዓይነት እንግዶች መጡ። ገንዘባቸው በንጹህ ሥራ ላይ መዋሉን ሊያዩ የሚመጡ ናቸውና እኛ «ንጹሖቹ» እንላቸዋለን። አንድ ሰሞን ጥቂት ሆነው መጥተው አዩና ሄዱ። በዓመቱ ሌሎች መጡ። አሁን አንዱ ሲወጣ ሌላው ይገባል፤ ባንኮቹም ጭምር የእነሱን ጥያቄ መጠየቅ ጀምረዋል። ሠራተኛው መጀመሪያ ሲያሾፍባቸው ነበር። መጸዳጃ ቤት ገብተው በሩ መቆለፊያ አለው ወይ ብለው ሲፈትሹ፣ «እነዚህ ሰዎች ገንዘብ ሊሰጡ ነው ወይስ ቤት ሊከራዩ?» እንል ነበር።

ለነሱ ጉዳይ ተብላ አንዲት ልጅ ተቀጥራለች፤ የአካባቢ ጥበቃ ኃላፊ ናት፤ ሠራተኛው አረንጓዴዋ ይላታል። ቋንቋቸውን ስለምታውቅ የምታስተረጉመውም እሷ ናት። ሰብስባ አስረድታናለች። ዛሬ ዛሬ ገንዘብ ያለው ሰው ገንዘቡ ምን ላይ ውሎ እንደሚመጣ ያስጨንቀዋል አለች፤ እንዲህ የሚያስቡት በየዓመቱ እየበዙ ስለሆነ ፋብሪካውም መለወጥ አለበት አለችን። አልዋሽሽም፣ ተለውጧል። ጓንት ተሰጠን። ያ ዓይን የሚያቃጥለው እንፋሎት መውጫ ተበጀለት። ሴቶቹ በር ያለው መታጠቢያ አገኙ፤ ነፍሰ ጡር ወደ ቀላል ሥራ ትዛወራለች እንጂ አትባረርም። እጄን ብታዪው አታውቂውም፤ የገዛ ራሴ ቀለም ነው ያለው። ውሃውም በሦስት ኩሬ ማለፍ ጀመረ። የመጀመሪያው ያስረጋዋል፤ ሁለተኛው ላይ ሞተር አየር እየነፋ ያጠራዋል፤ የመጨረሻው ውስጥ ዓሣ ተጨመረ። ውሃው ከከፋ ዓሣዎቹ ቀድመው ይናገራሉ ተብሎ ነው።

ሙሽሪት ስታረግዝ ከማጠፊያ ክፍል አንሥተው ለዓሣዎቹ ሰጧት። የነገሯት «አንድም እንዳይሞት» የሚል ብቻ ነው። ታውቂያት የለ፣ የምታነክስ ዶሮ ስታይ በእጇ የምታጎርስ ሴት። ለሁሉም ስም አወጣችላቸው። ወፍራሙ ሥራ አስኪያጁ ነው። አንዷ አፏን ስለማትዘጋ እማዬ ናት፤ እማዬ ግን ይህንን አታውቅም፣ አደራ። ሰው ሲመጣ ከቅጠሉ ሥር የሚገባው ደግሞ እኔ ነኝ። ከጥቂት ወራት በፊት ከንጹሖቹ አንዷ፣ መነጽር በአንገቷ የምታንጠለጥል ሸምገል ያለች ሴት፣ «ዓሣ ሞቶብሽ ያውቃል?» ብላ አስጠየቀቻት። ሙሽሪትም «አንድም አልሞተብኝም» አለች። እውነቷን ነው። ፎቶውን ያነሷት ያኔ ነው።

ባለፈው ወር የከተማው የውሃ መስመር ፈንድቶ ቧንቧ ሁሉ ደረቀ። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ሙሽሪት ወደ ማቅለሚያ ክፍል እየሮጠች መጣች። ሽታው ለጽንሱ አይሆንም ተብሎ እዚያ መግባት የተከለከለች ናት። ዓሣዎቹ አፋቸውን ከፍተው ውሃው ላይ ተንሳፍፈዋል አለችኝ፤ «ቧንቧው ስለጠፋ እኮ ነው!» ብላ አለቀሰች። «የምን ቧንቧ?» አልኳት። ለካ ጠዋት ጠዋት ዓሣዎቹ ትንፋሽ ሲያጥራቸው ስታይ የአትክልት ማጠጫውን ጎማ ኩሬው ውስጥ ትከትና እስኪረጋጉ የቧንቧ ውሃ ትለቅላቸዋለች። ከሷ በፊት ትጠብቃቸው የነበረችው ሴትዮም እንደዚያ ታደርግ ነበር፤ «ሲያፍናቸው ትንሽ ንጹህ ውሃ ስጪያቸው» ብላ ያስረከበቻት እሷ ናት። ሙሽሪት ቀለብ እንደመስጠት ነው የቆጠረችው። አልደበቀችም፤ ጎማው ሁልጊዜ እዚያው ተዘርግቶ ነው፤ አረንጓዴዋ ራሷ ስንት ጊዜ ተሻግራው ሄዳለች። አንድም ሰው ግን ለምን እንደማይሞቱ የጠየቃት የለም።

አብሬያት ሮጥኩ። ኩሬው ዘንድ ስደርስ መጀመሪያ የሞተው እኔ ነበርኩ፣ ከቅጠሉ ሥር። ሌላ ጊዜ ቢሆን እንስቅበት ነበር።

እዚያው ቆሜ ሁለተኛውን ኩሬ ሰማሁት። ድምፅ የለውም። ሞተሩ ከተቃጠለ ቆይቷል አሉኝ፤ መለዋወጫ ታዟል፤ ዓሣዎቹ ደህና ስለሆኑ የቸኮለ ሰው የለም። ገባሽ እታለም? ሙሽሪት ዓሣዎቹ እንዳይሞቱ ውሃ ትጨምራለች፤ መካኒኩ ዓሣዎቹ አልሞቱም ብሎ ሞተሩን ይተዋል፤ ንጹሖቹ ዓሣዎቹን አይተው ገንዘብ ይጨምራሉ፤ አንቺም ፎቶውን አይተሽ ጓደኞችሽን ትጠሪያለሽ። ሁላችንም በነዚያ ዓሣዎች ላይ ተደግፈን ነበር የቆምነው።

አሁን የሚያስፈራኝን ልንገርሽ። ከኩሬው የሚወጣው ውሃ በአጥሩ ሥር አልፎ በቦዩ ወደኛ ሠፈር ነው የሚወርደው። አባታችን ያስቆፈረው ጉድጓድ ከቦዩ ስንት እርምጃ እንደሆነ አንቺም ታውቂያለሽ፤ ዘለሽ የምትሻገሪው ነበር። በፊት የምንጠጣውን ከቦኖ እየገዛን፣ የጉድጓዱን ለልብስ ብቻ ነበር የምንጠቀመው። ዓሣዎቹ ከገቡ በኋላ ግን ሠፈሩ በሙሉ ወደየጉድጓዱ ተመለሰ። እማዬ «ዓሣ የኖረበት ሰው ምን ይሆናል?» አለች፤ እኛም አመንን። ሙሽሪት ከባድ ጄሪካን እንዳትሸከም ብዬ «ከጉድጓዱ ጠጪ» ያልኳት እኔው ነኝ። ስታረግዝም፣ ሆዷ ሲገፋም የጠጣችው ያንኑ ነው። ሌሊት ልጁ ሲራገጥ እጄን ይዛ ሆዷ ላይ ታደርገዋለች። ድሮ ደስ ይለኝ ነበር። አሁን ሲራገጥ እፈራለሁ፣ ዝም ሲልም እፈራለሁ።

ሙሽሪት በማግስቱ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገብታ ሁሉንም ነገረችው። ሰውየው ክፉ አይደለም፤ ፊቱ አመድ መሰለ አለችኝ። እሱም በዓሣዎቹ ያምን ነበር። ቀጥሎ ግን፣ ንጹሖቹ በሳምንቱ ሊመጡ ነውና አዲስ ዓሣ ይገዛ፣ እነሱ እንደሄዱ ሞተሩ ይሠራል፣ በልጆቼ እምላለሁ አለ። የሞተ ዓሣ ካዩ ፈንዱ ይወጣል፤ እሱ ሲወጣ ሌሎቹ ተከትለው ይወጣሉ፤ ያን ጊዜ የዚህ ሁሉ ሰው ጓዳ ምን ይሆናል፣ አስቢበት አላት። ወሬው አፈትልኮ ባልና ሚስት ሆነው እዚያው የሚሠሩት ጎረቤቶቻችን ለእማዬ የሚሰጡት ሰላምታ ተለወጠ። አንዷ በአጥር ላይ «ሙሽሪት መቼስ አስተዋይ ናት» አለችኝ። አነጋገሯን ብትሰሚ ጸጉርሽ ይቆማል። እኔም ቤት ገብቼ «ዓሣዎቹን ጨምሪና ዝም በይ፣ እስክትወልጂ ብቻ» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና ሹራቧን መሥራት ቀጠለች። ያኔ ነው ይበልጥ የፈራሁት።

እንግዶቹ በመጡበት ቀን የጨርቅ ጋሪ እየገፋሁ ሆነ ብዬ በግቢው በኩል አለፍኩ። ሙሽሪት አዲሶቹን ዓሣዎች በባልዲ ይዛ ከኩሬው ዳር ቆማለች። ባለመነጽሯ ሴትዮም አለች፤ አወቀቻትና ፈገግ አለችላት። ሥራ አስኪያጁ እየሳቀ «በይ ቤታቸው አስገቢያቸው» አለ። ሙሽሪት ባልዲውን በሆዷ ላይ አስጠግታ «እዚህ ውስጥ አልጨምራቸውም፤ ይሞታሉ» አለች። ጮክ ብላም አይደለም፤ ጨው አነሰው እንደምትለው ነው ያለችው። እኔም ጋሪውን አቆምኩ። ሁሉም ሰው ዞሮ አረንጓዴዋን ማየት ጀመረ፣ የምታስተረጉመው እሷ ናትና። ሥራ አስኪያጁም አያት። ልጅቷ ከንፈሯን ስትነክስ አየሁ። ከዚያ መናገር ጀመረች። እታለም፣ ለዚያች አጭር ቃል የተናገረችው ረጅም ነበር። በጣም ረጅም። ሴትዮዋ እየሰማች ባልዲውን አየች፣ የሙሽሪትን ሆድ አየች፣ መሬት ላይ የተዘረጋውን ጎማ አየች። አንድ ነገር ጻፈች። ከዚያ የሙሽሪትን ትከሻ ዳበስ አድርጋ ከሌሎቹ ጋር ወደ መጋዘኑ አለፈች።

ምን ተብሎ እንደተተረጎመ አላውቅም። ሲወጡ አረንጓዴዋን በር ላይ ጠብቄ ጠየቅኋት። «በእናትህ አትጠይቀኝ» ብላኝ መኪና ውስጥ ገባች። ከዚያ ወዲህ ማንም ምንም አላለንም። ሥራ አስኪያጁ ሙሽሪትን ከመኪናው ወርዶ ሰላም ይላታል፤ እስክትወልድ ቤቷ ትረፍ፣ ደመወዟ አይቋረጥም ብሏል። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። የሞተሩ ድምፅ እስካሁን አልተሰማም።

ስለዚህ ወዳንቺ መጣሁ። እስከ ዛሬ የፋብሪካው ባለገንዘብ ሲባል አንድ የማይደረስበት ትልቅ ሰው ይመስለኝ ነበር። መጽሔቱን ካየሁ በኋላ ነው የገባኝ፦ ለካ ወገቧን የሚያማት የኔዋ እህት ናት። ባለድርሻ ነሽ፤ ቋንቋቸውንም ታውቂያለሽ። ጻፊላቸው። ሴትዮዋ ያን ቀን የጻፈችው ምን እንደሆነ ጠይቂ። ካልነገሩሽ፣ ሳይነግሩን መጥተው ኩሬውንም ጉድጓዱንም እንዲያስመረምሩ ጠይቂ። ገንዘብሽን ግን አታውጪ። አንቺም ጓደኞችሽም ተቆጥታችሁ ብትወጡ፣ ሞተሩን የሚጠይቅ ይጠፋና ቦዩ ወደ ድሮ ቀለሙ ይመለሳል፤ ጓንቱም የመታጠቢያው በርም አብረው ይሄዳሉ። እዚያው ሆነሽ ጠይቂበት።

አንድ ነገር ብቻ አደራ፣ ስማችንን እንዳትጠሪ። ከየት ሰማሽ ካሉሽ ከሰው ሰማሁ በይ። ይህንንም ደብዳቤ አንብበሽ ስትጨርሺ ቅደጂው። ፈሪ በይኝ፣ ልማድሽ ነው። ነገ ልጅ የሚወለድበት ቤት ያለው ሰው ነኝ።

ቤት ውስጥ ስላለውም ነገር ልንገርሽ። ሙሽሪት ያንን ባልዲ ይዛው መጥታለች። ትናንት ጠዋት ሁለት ሳፋ ጎን ለጎን አድርጋ፣ አንዱን መስመሩ ተጠግኖ በተመለሰው የቦኖ ውሃ፣ አንዱን በጉድጓዱ ውሃ ሞላችና ዓሣዎቹን ከፈለቻቸው። ጎማም ቧንቧም የለም። «እኔ ምንም አልጨምርላቸውም፤ እንያቸው» አለች። የቦኖዎቹ እስካሁን ይዋኛሉ። የጉድጓዱን ሳፋ እማዬ ማየት አልወድም ብላ በትሪ ከደነችው። ከትናንት ጀምሮ ሁላችንም ዞረነው ነው የምናልፈው። እማዬ «ዓሣ እንደ ሰው አይደለም» ትላለች፣ ማንም ሳይጠይቃት። እኔም እዚህ ተቀምጬ ደብዳቤውን የማስረዝመው ትሪውን ላለማንሣት ነው።

በይ ላብቃ። እማዬ ሁለቱንም ጉንጭሽን ትስማለች፤ ቀዝቃዛ አትጠጪ ብላለች። ሙሽሪት ለልጆቹ የሠራችው ሹራብ እጅጌው ቀርቶታል፤ የትልቁን ቁመት ላኪልኝ ትላለች። ባለቤትሽን እጅ ነሥቼልሃለሁ በይልኝ። ትልቁን በርታ በይው፤ ትንሿን በወለቀው ጥርሷ ቦታ ሳሚልኝ። የአጥር ማዶዋ ጎረቤታችንም ሰላም ብላሻለች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ሳቅ። ለምትንከባከቢያቸው አዛውንትም፣ ባያውቁኝም፣ ጤና ይስጥልኝ በይልኝ።

እታለም፣ ወረቀቱን ሳላጥፈው ሙሽሪት መጥታ ትሪውን አነሣችው። አንዱም አልተረፈም። እሷ አላለቀሰችም፤ በሁለት እጇ ሆዷን ይዛ ቆማለች። እማዬ ተነሥታ ምድጃው ላይ የነበረውን ማንቆርቆሪያ ይዛ ወጥታ ውጭ ደፋችው። ከዚያ ፎቶውን ከግድግዳው አወረደችና እጄ ላይ አስቀመጠችው። እልክልሻለሁ፤ ከደብዳቤው ጋር አብሮ አለ።

ቅድም የጻፍኩትን ተይው። ደብዳቤውን አትቅደጂው፤ አሳዪያቸው። ይህንን ማን ነገረሽ ካሉሽ፣ ያ ፈሪው ወንድሜ ነው በያቸው።

ወንድምሽ

ከቦዩ ዳር፣ ከአባታችን ቤት
ግንቦት ፲፱ ቀን